ፌስታሉ ወዴት ይሄዳል?

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ውድ ሰልጣኝ መምህራን፣ ክቡራን እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዓመት ቆይተን በሰላም ለመገናኘት ስለበቃን ፈጣሪ ይመስገን።

የሥራ ሪፖርቱ ከሻይ በኋላ ይቀርባል። እኔ ስለ አንድ የ4 ደቂቃ ቪዲዮ ላውራችሁ።

አካባቢ ጥበቃን ለዓመታት ያስተማርኩት በኖት ነው። ብክለት ማለት እንዲህ ነው እላለሁ፣ ሰልጣኞቼ ይጽፋሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ፈተናውን ያልፋሉ። ከዚያ እነሱም ሄደው ያንኑ ኖት ለተማሪዎቻቸው ያጽፋሉ። ይሄ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ዘንድሮ አምስት አምስት ሆነው በስልካቸው ቪዲዮ እንዲሠሩ አደረግኩ።

አንዱ ቡድን ከዚሁ ከአራት ኪሎ ቁልቁል በእግር ወርዶ ቀበና ወንዝ ዳር ደረሰ። ድንጋይ ላይ የተጠመጠመ ሰማያዊ ፌስታል አገኙ። ውሃው ይጎትተዋል፣ ፌስታሉ ይወጠራል፣ አይለቅም። አንድ ደቂቃ ሙሉ እሱን ብቻ ቀረጹ። ታሪኩንም ፌስታሉ ራሱ እንዲተርከው ወሰኑ። ድርሰቱን ሲጽፉ ግን ተቸገሩ። ድንጋዩ ከለቀቀው ወዴት ነው የሚሄደው? ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ካርታ ዘርግተው ተከተሉት። ቀበና ከእንጦጦ ይነሳል፣ ትልቁ አቃቂ ይገባል፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፣ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባህር አይደርስም። አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። እዚህ የጣልነው እዚያ ድረስ ከእኛው ጋር ነው። በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመንም ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል። ይህን ሁሉ በኖት ሰጥቼ አላውቅም። ፌስታሉን ማናገር ስለነበረባቸው ራሳቸው ፈልገው አገኙት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ እናት ላይ ካሜራ መደቀን ቀላል ነው። ጥፋተኛዋ እሷ ትመስላለች። እባካችሁ፣ ሰልጣኞቻችሁ ከየግቢው ወደ ወንዙ የተለቀቀውን ቧንቧ ይከተሉ።

ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ለቡድን አንድ ስልክ ይበቃል። ማርክ ስትሰጡም ከኤዲቲንጉ ይልቅ ያነሱትን ጥያቄ እዩ። ጊዜ ግን ይፈልጋል። ሰልጣኞች ማስተማርን በተግባር በሚለማመዱበት ፕራክቲከም ላይ ሁለት ሳምንት እንድንመድብለት ሐሳብ አቀርባለሁ፣ ተወያዩበት።

ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። ልጆቹ ፊት ወንበር ላይ አሉ። መብራቱን አጥፉልን፣ ቪዲዮውን እንይ።