እናቲቱ ትል ገና አልሞተችም

(ምስል፦ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት። ዓሣ አጥማጆች መረብ ይፈታሉ።)

ሰላም ወዳጆቼ! ያለነው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ነው። ዛሬ የማወራችሁ ትንሽዬ ጥቁር ዝንብ እዚህ አትራባም። ይሄ ውሃ ለሷ የተኛ ነው። የምትፈልገው ከድንጋይ ጋር እየተላተመ የሚወርድ ወንዝ ነው። የምታስተላልፈው በሽታም "የወንዝ ዳር ዕውርነት" ይባላል፤ በሕክምና ስሙ ኦንኮሰርካይሲስ።

ታዲያ ለምን እዚህ አወራዋለሁ? ሐዋሳ ለዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። ከከፋና ከሸካ ለሥራ፣ ለትምህርት የመጣ ብዙ ሰው አለ። በሽታው ካለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ከፋና ሸካ ይገኙበታል።

(ምስል፦ የአንድ አዛውንት ቅልጥም በቅርበት። ቆዳው ነጭና ጥቁር ተዥጎርጉሯል።)

ይሄን ቆዳ እዩት። ዝንቧ ስትነክስ የትሉን እጭ ታስገባለች። እጩ አድጎ ከቆዳ ሥር እንደ እብጠት ይቋጠራል። እናቲቱ ትል እዚያ ሆና ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፤ ትወልዳለች። ልጆቿ በቆዳ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል። ዓይን ውስጥ ገብተው ሲሞቱ ደግሞ ዓይኑ ይቆጣል፣ ይጠባሰሳል፤ ቀስ በቀስ ብርሃን ይጠፋል።

(ምስል፦ መድኃኒት አዳይዋ ምልክት ያለበት ዘንግ ይዛ አንድ ልጅ ትለካለች።)

መድኃኒቱ ኢቨርሜክቲን ነው። ሜርክ የተባለው ኩባንያ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጠዋል። ሚዛን አያስፈልግም፣ በቁመት ነው የሚታደለው። ከ90 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ሕፃንና ነፍሰ ጡር አይወስዱም።

እዚህ ላይ አደራ፣ በደንብ ስሙኝ። ኪኒኑ የትሏን ልጆች ይገድላል እንጂ እናቲቱን ትል አይገድልም። ለጥቂት ወራት መውለዷን ያስቆማታል፤ ከዚያ ትቀጥላለች። ስለዚህ ማሳከኩ ተወኝ ብሎ ማቆም አይሆንም። አንዳንዱ ሰው ከዋጠ በኋላ ያሳክከዋል፣ ያብጣል። "መድኃኒቱ አልተስማማኝም" ይልና በሚቀጥለው ዙር ይደበቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያ የሚመጣው የትሏ ልጆች እየሞቱ ስለሆነ ነው፣ በጥቂት ቀን ይተዋል። ከጠና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መንገር ነው።

ኢትዮጵያ በ2013 እ.ኤ.አ. ከመቆጣጠር ወደ ማጥፋት ተሸጋገረች፤ እደላውም በዓመት ሁለቴ እንዲሆን ተወሰነ። ይቻላል ወይ? ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት ነፃ ተባለች። ኒጀር በ2025 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች።

(ምስል፦ የሐዋሳ መናኸሪያ። አንዲት ወጣት ስልክ ትደውላለች።)

አክስታችሁ ከወንዝ ዳር ትኖራለች? ዛሬ ደውሉላት። "የዚህኛውን ዙር ዋጥሽ ወይ?" በሏት።