የኩራት ተቃራኒ ትሕትና ነው ያለው ማነው?

ቤዛ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ አንድ ቃል ይዘን ነው የመጣነው፤ ኩራት። ናሆም፣ በቀጥታ ልጠይቅህ። ኩራት ጥሩ ነው መጥፎ?

ናሆም፦ እንደ ተናጋሪው ነው። "ኩሩ ሕዝብ" ስንል ማሞገሳችን ነው። "ልጅቷ ኩሩ ናት" ሲባል ግን አንዱ ክብሯን ታውቃለች ማለቱ ነው፣ ሌላው ሰላም አትለኝም ማለቱ ነው።

ቤዛ፦ ሰው ቤት ስትሄድ ደግሞ ሌላ ነው። ትንሽ ቀማምሰህ እጅህን ስትሰበስብ "ብላ እንጂ፣ ምን ትኮራለህ!" ይሉሃል። ሳትደውልለት የቆየህ ጓደኛህ "ጠፋህሳ፣ ኮራህብን" ይልሃል። ትዕቢተኛ ነህ እያለህ አይደለም፣ ራቅከን ነው የሚልህ።

ናሆም፦ "ኮራሁብሽ" ብልሽ ደስ ይልሻል አይደል? "ኮራሽብኝ" ካልኩሽ ግን ቅሬታ ነው።

ቤዛ፦ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ደግሞ ቃሉን በሌላ ጆሮ ነው የሚሰማው። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 16 ላይ ትዕቢትና ኩሩ መንፈስ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፣ አንዱ ጥፋትን ሌላው ውድቀትን ይቀድማል ተብሎ። እኔም ለዚህ ነው የኩራት ተቃራኒ ትሕትና ነው የምለው።

ናሆም፦ እዚህ ላይ አልስማማም። የትሕትና ተቃራኒ ትዕቢት ነው። የኩራት ተቃራኒ ደግሞ ሀፍረት ነው። አማርኛው ራሱ ይመሰክራል እኮ፤ አባቶቻችን ልጃቸው ጥሩ ሲሠራ ምንድን ነው የሚሉት? "ተባረክ፣ አላሳፈርከኝም።" "አንገቴን ቀና አደረግከው።" ካጠፋ ደግሞ "አንገቴን አስደፋኝ" ነው።

ቤዛ፦ ግን እኮ አንገቱን የደፋ ልጅ ብለን እናመሰግናለን።

ናሆም፦ እናመሰግናለን፣ "አንገቱን ደፍቶ አገር አጠፋ" ብለንም እንተርታለን። አንገት የሚደፋው በትሕትና ሊሆን ይችላል፣ በፍርሃት ወይም በሀፍረትም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፤ እኛ ሁሉንም ትሕትና ብለን ስናሳድግ ያፈረውን ልጅ ጨዋ ነው ብለን እናልፈዋለን፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል።

ቤዛ፦ እውነት ነው። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ነው፣ እንግዳ ሲያደንቀው እናት ፈጠን ብላ "ኧረ ምንም አያውቅም!" ትላለች። ከክፉ ዓይን ልትጠብቀው ይሆናል፣ ይሉኝታም ይዟት ይሆናል። ልጁ ግን እዚያው ቆሞ ይሰማል።

ናሆም፦ ኩራትና ትሕትና አንድ ሰው ላይ አብረው መኖር ይችላሉ። ደራርቱን ተመልከቻት። 1984 ዓ.ም.፣ ባርሴሎና፣ 10 ሺህ ሜትር። ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያ ምን አደረገች? ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠብቃ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ከረጅም እገዳ በኋላ ወደ ኦሎምፒክ የተመለሰችው ገና በዚያ ዓመት ነበር። ባንዲራዋን የለበሰችው ኩራት ነው፣ ተፎካካሪዋን መጠበቋ ትሕትና ነው። ትዕቢተኛ ብትሆን ብቻዋን ትዞር ነበር።

ቤዛ፦ ይሄ አሳምኖኛል። ትምክህትስ?

ናሆም፦ ትምክህት መመካት ነው፤ በዘር፣ በሀብት፣ በጉልበት። ብዙ ጊዜ አንተ ባልሠራኸው ነገር። ችግሩ ቃሉ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ተበላሽቷል። በኢሕአዴግ ዘመን "ትምክህተኛ" እና "ጠባብ" ሰው መፈረጂያ ነበሩ። በአገሩ ታሪክ የኮራ ሁሉ ትምክህተኛ ሲባል፣ ሰው መኩራቱን ይፈራል ወይ ደግሞ እልህ ይይዘዋል። ጉራ ቀላሉ ነው፣ ሰው ስቆ ያልፈዋል።

ቤዛ፦ እሺ፣ "ኩራቱ እራቱ" የምንለውስ? ተርቦ የማይለምን ሰው። እኔ ድሮ አደንቅ ነበር፣ አሁን ግን ያስፈራኛል። ውጭ አገር ያሉ ልጆችን አስብ። ዱባይም በለው ዋሽንግተን፣ ሥራ ያጣል፣ የቤት ኪራይ ይጎድለዋል፣ እናቱ ስትደውል ግን "ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይላል። ተበድሮ ሁሉ ብር ይልካል። እኛ ደግሞ ኩሩ ነው እንላለን።

ናሆም፦ እኔ እሱን ኩራት አልለውም። ከደበቀው ሀፍረት ነው። ኩሩ ሰው "ተቸግሬአለሁ፣ ግን ራሴ እወጣዋለሁ" ማለት ይችላል። አይደብቅም።

ቤዛ፦ ሊደብቅም ይችላል፣ ናሆም። እናቱ እንዳትጨነቅ ብሎ የሚደብቅም አለ።

ናሆም፦ አለ፣ እሱ ፍቅር ነው። ግን ከእናቱ ቢደብቅ እንኳ አንድ ጓደኛ ያውቅለታል። ማንም እንዳያውቅበት የሚፈራው፣ ስልክ የማያነሳው፣ ሰፈር የቀየረው፣ እሱን ነው መፈለግ ያለብን።

ቤዛ፦ እሱን ደግሞ "ኮራህብን" ብለን እንተወዋለን።

ናሆም፦ አዎ። እኔ እንኳ በዚህ ሳምንት የምደውልለት ሰው አለኝ።