ለእኔ የሚሆን ሳጥን

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም።

ባለፈው ሳምንት በአንድ ክሊኒክ ቅጽ ስሞላ እጄ ቆመ። «ካንሰር ይዞዎት ያውቃል?» ይላል። ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ «አዎ» እና «አይ»። ሁለቱንም ባዶ ትቼ መለስኩት።

ለሦስት ዓመታት ልጅ ስንፈልግ ቆይተን ነው ምርመራ የጀመርነው። አልትራሳውንዱ በግራ እንቁልጢዬ፣ ማለትም የሴት እንቁላል በሚያመርተው አካል ላይ፣ ዕጢ አሳየ፤ እንቁልጢው ከነዕጢው ወጣ። የፓቶሎጂ፣ ማለትም የዕጢው የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ውጤት ሲመጣ ሐኪሜ «ድንበር ላይ ያለ ዕጢ ነው» አለችኝ። የማን ድንበር? ሴሎቹ ከልክ በላይ ይባዛሉ፣ መልካቸውም የተዛባ ነው፤ ግን እንደ ካንሰር የእንቁልጢውን ሥጋ ሰርስረው አይገቡም። እንዲህ ዓይነት ዕጢ በሕክምና ጽሑፍ ከተገለጸ ከ1929 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ ሳነብ፣ ግራ የተጋባሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ገባኝ።

ደጉን ልናገር። ዕጢው ከእንቁልጢ ሳይወጣ ከተገኘ፣ ከ100 ሴቶች ከ95 የሚበልጡት ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ኬሞቴራፒ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ከታማሚዎቹም ሲሶ ያህሉ ከ40 ዓመት በታች ስለሆኑ፣ ማህፀንንና አንዱን እንቁልጢ ማትረፍ የተለመደ ነው።

አሁን ደግሞ በቀኝ በኩል ትንሽ ነገር ታይቷል። ዕጢውን ብቻ ቆርጠው እንቁልጢውን ሊተዉልኝ ይችላሉ፤ እንዲህ ሲደረግ ግን ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ከፍ ይላል። ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ያው ድንበርተኛ ሆኖ ነው፤ እንደገና በቀዶ ጥገና ይወጣል። ቢላዋው በነካው ቁጥር ግን የእንቁላል ክምችቴ ይቀንሳል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊት እንቁላሎቼን አውጥቶ በቅዝቃዜ የማቆየት ሐሳብ መጣ። ለዚህም መጀመሪያ እንቁላሎቹን የሚያሳድግ የሆርሞን መርፌ መወጋት አለብኝ።

እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። የካንሰር ሐኪሙን «ሆርሞኑ ዕጢውን ያሳድገዋል ወይ?» ስለው «የመካንነት ሐኪምሽን ጠይቂ» አለኝ። እሷ ደግሞ «እሱን ጠይቂ»። እንደ ፖስታ ቤት ሠራተኛ ወረቀት ተሸክሜ በሁለቱ መካከል ተመላለስኩ። በመጨረሻ አንድ ክፍል ውስጥ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው፤ 20 ደቂቃ በቃቸው። ጥናቶቹ ብዙ ሴቶችን ያቀፉ ባይሆኑም፣ ሆርሞኑ ዕድሜ ማሳጠሩን አላሳዩም አሉኝ። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ከመጠን በላይ እንዳይወጣ ሌትሮዞል የሚባል ክኒን ይጨመርልኛል። እንቁላሉን የሚያወጣው መርፌ ዕጢውን እንዳይወጋ ደግሞ እንቁላሉ የሚወጣበትን መንገድ በአልትራሳውንድ አስቀድመው አይተዋል። አንድ ዙር ብቻ፣ ከዚያ ቀዶ ጥገና።

የሆርሞኑ መርፌ የሚጀመረው የወር አበባዬ በመጣ በሁለተኛው ቀን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በመጣ ቁጥር መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። አሁን ቀን እየቆጠርኩ እጠብቀዋለሁ፤ ዛሬም አልመጣም።