ደሙ የት ይርጋ? የልብ ቀዶ ሕክምና እና የሚክሰሩ ነገር

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ? ከጀርባዬ የሚሰማችሁ ጉርምርምታ የማይኩ ችግር አይደለም። ከኮንዶሚኒየማችን ጎን ፎቅ እየተሠራ ነው። ኮዬ ፈጬ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ሰፈር ጸጥታ ጠብቄ ቪዲዮ እቀርጻለሁ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ተውኩት። አርማታ የሚያመጣው ሚክሰር መኪና ዛሬ የፕሮግራማችን እንግዳ ነው።

ርዕሳችን የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። በተለይ ደሙ። ልብ እንዲቆም ተደርጎ ሲጠገን ደሙ እንዴት ሳይረጋ ይቆያል? ሥራው ሲያልቅስ እንዴት መፍሰሱን ያቆማል? የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካው ማሽን ምን እንደሆነ ባለፈው አይተናል። ያላያችሁት ሊንኩ ከታች አለ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም እዚያው ታች ናችሁ፣ በዚያው ጨርሱት።

እሺ፣ ወደ ሚክሰሩ። ሲሚንቶ ውሃ ከነካው በኋላ ሰዓቱ ይቆጥራል። አያቆምም። አሁን ሚክሰሩ አርማታውን ጭኖ ከማምረቻው ወጣ እንበል። ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ሹፌሩ ምን ይሆናል? ይጨነቃል! አርማታው በርሜሉ ውስጥ ከደረቀበት አለቀለት። ሰው ውስጥ ገብቶ እየፈለጠ ነው የሚያወጣው። ለዚህ ነው ገና ሲቦካ የሚያዘገይ ኬሚካል የሚጨመርበት። ችግር ሲጠና ደግሞ ስኳር ይጨመርበታል። አዎ፣ ስኳር። ሻይ ውስጥ የምትጨምሩት ስኳር። ሲሚንቶን ከመጠንከር ያዘገየዋል። ግንባታ የሠራችሁ እየሳቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሚክሰሩ እንደምንም ደረሰ። አርማታው ሶሌታው ላይ ፈሰሰ። አሁን ፎርማኑ ምን ይፈልጋል? እንዲይዝ! ቶሎ እንዲይዝ! ጠዋት «እንዳይደርቅ» ብሎ ሲለምን የዋለ ሰው፣ ማታ «ለምን አልያዘም?» ብሎ ይቆጣል። አርማታው ያው ነው። የተቀየረው ቦታውና ሰዓቱ ነው። በርሜሉ ውስጥ አትድረቅ፣ ሶሌታው ላይ ድረቅ። ይቺን ያዙልኝ፤ የዛሬው ቪዲዮ እሷ ናት።

ደምም እንዲሁ ነው። አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ያ ደም ከልቡ ወጥቶ፣ በፕላስቲክ ቱቦ አልፎ፣ በማሽኑ ኦክስጅን አግኝቶ ይመለሳል። ደም ፕላስቲክ አያውቅም። የሚያውቀው የደም ሥርን ግድግዳ ነው። ሌላ ነገር ሲነካ የተቆረጠ ቦታ ያገኘ ይመስለውና መርጋት ይጀምራል። ማሽኑ ውስጥ ከረጋ ደግሞ ሕመምተኛውን የሚያቆየው ሌላ ነገር የለም። ልቡ ቆሟል።

አሁን ፈጠን እንበል፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት ሄፓሪን ይባላል። በኪሎ ከ300 እስከ 400 ዩኒት ይሰጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ18,000 እስከ 24,000 ዩኒት ማለት ነው። ደም ለመርጋት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ። ያለ መድኃኒት ከሆነ 2 ደቂቃ ገደማ ነው። ወደ ማሽኑ ከመገባቱ በፊት ግን በብዙ ቦታ ከ480 ሰከንድ በላይ እንዲደርስ ይፈለጋል። 8 ደቂቃ መሆኑ ነው። ከዚያ በየጊዜው ይለካል፣ ከወረደ ይጨመራል።

ሄፓሪን የተገኘበት መንገድ ያስቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1916 አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ጄይ ማክሊን የሚባል የሕክምና ተማሪ ደም የሚያረጋ ነገር ፍለጋ ላይ ነበር። ያገኘው ተቃራኒውን ሆነ! ከውሻ ጉበት የተወሰደ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር። ያለዚያ ግኝት ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 ፊላዴልፊያ ላይ በማሽኑ ታግዞ የመጀመሪያውን የተሳካ የልብ ቀዶ ሕክምና ባልሠራ ነበር። ዛሬ ሄፓሪን በአብዛኛው የሚሠራው ከአሳማ አንጀት ነው። አዎ፣ ከአሳማ። ኮሜንቱ ሊጋጋል እንደሆነ ገብቶኛል። በእምነት በኩል የሚከነክናችሁ ነገር ካለ ከሐኪሙም ከሃይማኖት አባታችሁም ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት ግን አይሆንም።

ልቡ ተሠራ፣ ተነሳ፣ መታ። ሕመምተኛው ከማሽኑ ወጣ። አሁን ፎርማኑ መጣ፦ ደሙ ይያዝ! ፕሮታሚን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። መጀመሪያ የተገኘው ከሳልመን ዓሣ የዘር ፈሳሽ ነው። ሄፓሪኑን ይይዘውና ሥራ ያስፈታዋል። እዚህ ላይ ሚክሰሬ ከዳኝ፤ ስኳር የገባበትን አርማታ ስኳሩን መልሰህ ልታወጣለት አትችልም። ደም ላይ ግን ይቻላል። ፕሮታሚን ታዲያ ቀስ ተብሎ ነው የሚሰጠው፤ ቶሎ ከገባ የደም ግፊትን ድንገት ሊጥል ይችላል። ከበዛ ደግሞ ራሱ የደም መርጋትን ያውካል። ከሁሉ በላይ፣ ሰውየው ማሽኑ ላይ እያለ በፍጹም አይሰጥም። በርሜሉ ውስጥ አርማታ ማድረቅ ማለት ያ ነው።

ሌላም አለ። ሰውነት የረጋ ደምን መልሶ የሚያሟሟበት ዘዴ አለው። ማሽኑ ላይ ይሄ ነገር ከልክ ያልፋል። ይህን ለመግታት ትራኔክሳሚክ አሲድ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1962 ያገኙት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ናቸው፣ ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ። የተነሱበት ሐሳብ በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳቸውን እናቶች ማዳን ነበር። እኔ የዚህ መድኃኒት አድናቂ ነኝ። ርካሽ ነው፣ ይሠራል። መጠኑ ሲበዛ ግን የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ርካሽ ነው ተብሎ አይደፋም።

እዚህ ጋ ላቆም አስቤ ነበር። ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር የጻፋችሁትን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። «ደም ከፈሰሰ ደም መስጠት ነዋ፣ ምን ያካብዳሉ?» ላይኩ ደግሞ ብዛቱ! እሺ፣ እንነጋገር።

ከደም ባንክ የሚመጣው ቀይ ከረጢት በአብዛኛው ቀይ የደም ሕዋስ ነው። ሥራው ኦክስጅን ማድረስ ነው። ደም አያረጋም። ደም የሚያረጉት ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ሕዋሳትና ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ማሽኑ ደግሞ አስቀድሞ ሁለቱንም ጎድቷቸዋል። ፕላትሌቶቹ ቱቦው ላይ ደክመዋል። ማሽኑ ሲነሳ በፈሳሽ ስለሚሞላ ደሙ ቀጥኗል። በዚህ ላይ ቀይ ሕዋስ ብቻ በከረጢት ላይ ከረጢት ስትጨምሩበት የሚያረጋው ነገር ይብስ ይሳሳል። ከረጢቱ ከፍሪጅ የወጣ ነው፣ ካላሞቃችሁት ሰውነትን ያበርዳል። ብርድ ራሱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ከረጢቱ ውስጥ ደሙ እንዳይረጋ የተጨመረው ሲትሬት ደግሞ የሰውየውን ካልሲየም ይይዝበታል። ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም። አያችሁ? ደም እየሰጣችሁ ደም ታፈሳላችሁ።

ደም አይሰጥ አላልኩም! ቀይ ሕዋስ ሲያንስ ይሰጣል፣ ሕይወትም ያድናል። ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ጎደለ?» ነው። ሄፓሪን ሰውነቱ ውስጥ ተርፎ ነው? ፕላትሌት አንሶ ነው? ሰውነቱ በርዶ ነው? ወይስ ክር የሚፈልግ ቀዳዳ አለ? ቀዳዳ በመድኃኒት አይደፈንም፣ ይሰፋል እንጂ።

«የፈሰሰውን የራሱን ደም ለምን አይመልሱለትም?» ያልሽው እህቴ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ። ይመለሳል። የፈሰሰውን መጥጦ፣ አጥቦ የሚመልስ ማሽን አለ። ግን ሲታጠብ የሚተርፈው ቀይ ሕዋሱ ነው። ፕላትሌቱና ፕላዝማው ከእጣቢው ጋር ይሄዳል። ስለዚህ እሱም ብቻውን አይበቃም።

ፕላትሌት ካነሳን አይቀር፣ ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ነው። ፍሪጅ ውስጥም አይገባም። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ላይ ሆኖ ሌት ተቀን ይወዛወዛል። ሚክሰር በሉት! ማጠራቀም ስለማይቻል ለጋሽ ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ጤነኛ ከሆናችሁ በየ3 ወሩ ደም መለገስ ትችላላችሁ።

አሁን አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር። ቀጠሮ ያለው ቤተሰብ ካላችሁ፣ የሚውጠውን መድኃኒት በሙሉ፣ ከነማሸጊያው፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አስፕሪንም ይሁን ደም እንዳይረጋ የሚዋጠው ዋርፋሪን፣ «የራስ ምታት ናት» ያላችኋትም ትሁን። ዋርፋሪን አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው 5 ቀን ገደማ አስቀድሞ ይቆማል። መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። ጎረቤት አይደለም፣ እኔም አይደለሁም። በራስ ውሳኔ ማቆም በተለይ ልቡ ውስጥ ብረት ቫልቭ (ሰው ሠራሽ የልብ በር) ላለው ሰው አደገኛ ነው፤ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል።

የመጨረሻው፣ ቱቦው። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ደረት ላይ ቱቦ ይቀራል፤ የተረፈውን ደም ያወርዳል። ነርሷ በየሰዓቱ ስንት ሚሊ ሊትር እንደወረደ ትጽፋለች። ብዙ ከወረደና ካልቀነሰ ሕመምተኛው ተመልሶ ሊከፈት ይችላል። አስታማሚ ግን የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብዙ ሲወርድ የነበረ ቱቦ ድንገት ጸጥ ሲል «እሰይ፣ ቆመ!» ይላል። ላይሆን ይችላል። ቱቦው በረጋ ደም ተደፍኖ፣ ደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ ልቡን እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ቀስ በቀስ ሲቀንስ ጥሩ ነው። ድንገት ሲቆም ግን ነርሷን ጥሯት፣ ወዲያው።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ዋርፋሪን እናወራለን። ልጅነታቸው ላይ የጉሮሮ ሕመም ልባቸውን ጎድቶት ቫልቭ ያስቀየሩ ብዙ ተመልካቾች ስላሉን ረዘም ይላል። ጥያቄ ካላችሁ ከአሁኑ ጻፉልኝ። «ጎመን ይበላል ወይ?» የሚለውን ግን አትድገሙት፣ እሱ ተይዟል። ቻው!