አፈር ሲናድ ቀድሞ የሚደርሰው ማን ነው?

ከለገጣፎ የደወሉ እናት፦ ልጄ ኦስትሪያ ይማራል። ከጓደኞቹ ጋር በረዶ ላይ ሊንሸራተት ተራራ ይወጣል አሉኝ። ናዳ ቢቀብረው በረዶ ለስላሳ አይደል፣ ቆፍሮ አይወጣም?

እናታችን፣ ለስላሳ የሚመስለው እስኪቆም ድረስ ነው። ሲወርድ እንደ ዱቄት ይበናል፣ ሲቆም ግን እንደ ሲሚንቶ ድርቅ ይላል፤ የተቀበረው ሰው ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ቢጮህም ከላይ ያሉት አይሰሙትም። ብዙዎቹን የሚገድላቸውም ብርዱ ሳይሆን አየር ማጣት ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጡት ከ10 ሰው 9ኙ ይተርፋሉ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ከሦስት አንዱ ቢተርፍ ነው። ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ያ ሰዓት ያልፋል፣ ስለዚህ የሚያድነው አብሮት የወጣው ጓደኛው ነው።

እና ሲደውሉለት «ጃኬት ገዛህ ወይ?» ብቻ አይበሉት። ሰውነት ላይ የሚታሰር ምልክት ላኪና ተቀባይ መሣሪያ፣ በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት ረጅም ዘንግ፣ አካፋ፤ ሦስቱንም እሱም ጓደኞቹም ይዘዋል ወይ? እሱ ብቻ ቢይዝ እሱን ማን ያወጣዋል? ናዳው ሊቆም ሲል ደግሞ እጁን ፊቱ ላይ ያድርግ፣ ለመተንፈሻ የምትሆን ክፍተት ትቀርለታለች።

ከኮዬ ፈጬ፦ ጎረቤታችን የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲያስቆፍር ግድግዳው ተደርምሶ የቀን ሠራተኛውን እስከ ደረቱ ቀበረው። ሁላችንም ዘለን ገባን፣ ብብቱ ሥር ገመድ አስረን ጎትተን አወጣነው። ልክ ነበርን?

በሕይወት መውጣቱ እሰየው ነው። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እድለኞች ናችሁ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ይሄ የትንሽ መኪና ክብደት ነው። ሰውየው አየር ባስወጣ ቁጥር ደረቱ ላይ የተጫነው አፈር ይጠጋዋል፣ ቀጥሎ የሚያስገባው አየር ያንሳል፤ ጭንቅላቱ ውጭ ሆኖም ሊታፈን ይችላል። በገመድ መጎተት ደግሞ ትከሻውን ወይም አከርካሪውን ሊጎዳ ይችላል። ኤክስካቫተርማ ጭራሽ አይሞከርም!

መጀመሪያ ሰዉን ከአፋፉ አርቁ፣ አጠገብ የሚሠራ መኪና ካለ ይጥፋ፣ አንድ ሰው ለእሳትና አደጋ በ939 ይደውል። መግባት ግድ ከሆነ ግድግዳውን በጣውላና በአጣና ደግፋችሁ፣ ሁለት ሰው ብቻ፣ ከፊቱና ከደረቱ ጀምራችሁ በእጅ ግለጡ። እግሩ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ተጨፍልቆ ከቆየ ከመላቀቁ በፊት ሐኪም ቢደርስ ይሻላል፣ ድንገት ሲለቀቅ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ንጥረ ነገር ልብን ሊያቆም ይችላል።

ዘለን ገባን ያልከው ነው በጣም ያስፈራኝ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ በመሬት ናዳው የሆነውን አስታውስ። ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የተሯሯጡትን ነው ሁለተኛው ናዳ የቀበራቸው።

ከፉሪ፦ በጋ ነው፣ አፈሩ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ጉድጓድ ስንቆፍር ድጋፍ ለምን?

ጥቁር አፈር በበጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ግቢህ ውስጥ ታየዋለህ። ያ ስንጥቅ ነው ግድግዳውን ቆርጦ የሚጥለው። ከ1.5 ሜትር በላይ ከወረደ ደግፈው ወይም አፉን አስፍተህ ተዳፋት አድርገው። የወጣውን አፈር ከአፋፉ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀው፣ መሰላልም ይግባ። ከላይ ደግሞ የሚያይ አንድ ሰው አይጥፋ፤ ሻይ ልጠጣ ብሎ ከሄደ ከታች ያለውም ይውጣ።