የምደውልለት ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከጎንደር ነኝ።

ሚያዝያ 18 ቀን 2014። ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ረመዳንም አልወጣም። ከተማችን ውስጥ፣ ቀብር ላይ በሙስሊሞችና በክርስቲያኖች መካከል ግጭት ተነሳ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ተዘረፈ። የዚያን ዕለት እናቴ ቶሎ ብላ ስልኳን አነሳች። አዲስ ዓለም ሰፈር ላለችው ሙስሊም የቡና ጓደኛዋ ደወለች። «ደህና ናችሁ? ልጆቹ ገቡ?»

እኔም ስልኬን ያዝኩ። ስሞቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ «ደህና ነህ ወይ?» የምለው አንድ ሙስሊም ጓደኛ አጣሁ። ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ ሰው! እስካሁን ይቆጠቁጠኛል።

ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ የታዘዘው በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ነው። እነ እናቴ ይህን የቆየ መለያየት በቡናና በለቅሶ ተሻገሩት። ሰርግ ሲኖረን ለሙስሊም እንግዶቻችን በግ ለብቻ ይገዛል። የሚያርደው ሙስሊም ነው። ድስቱም ሳህኑም የብቻ ነው። ማንም ሃይማኖቱን ሳይነካበት አብሮ ይደሰታል። እኔ ግን ሳህኑን አመላለስኩ እንጂ አብሬ አልተቀመጥኩም።

ክረምት ላይ ወጣቶችን ለማቀራረብ በተጠራ ስብሰባ ተገኘሁ። እኛ በአንድ በኩል፣ እነሱ በሌላ በኩል ተቀመጥን። ንግግር ተደረገ፣ ውሃ ታደለ፣ ተበተንን። የጎኔን ልጅ ስም እንኳ አልጠየቅኩም። ወጣት የሚቀራረበው እጁ ሥራ ሲይዝ ይመስለኛል።

በ2015 ሁዳዴና ረመዳን እንደገና ገጠሙ። የእናቴ ጓደኛ ልጅ ከሁለቱም ወገን አሥር የምንሆን ልጆችን ለአፍጥር ጠራችን። ቀደም ብለን ሄድን። ሽንኩርት ከተፍን፣ ሊጥ ዳመጥን። ሳምቡሳውን በሙሉ በምስር ሞላችው። «ሥጋ ብጨምርበት እናንተ ቁጭ ብላችሁ ልታዩን ነው?» አለች። አዛን እስኪል ሁላችንም ጠበቅን። እኔም ከእነሱ ጋር በቴምር ጀመርኩ። ከዚያ ወሬው ደራ። ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ፋሲል ከነማ፣ ስለ ቤት ኪራይ። ስለ ሃይማኖት የተነሳው አንዴ ብቻ ነው፤ አንዱ ልጅ «እናንተ ስንት ቀን ነው የምትጾሙት?» ብሎ ጠየቀ። 55 ስንለው ራሱን ያዘ።

ስንወጣ ስልክ ተለዋወጥን። በሩ ላይ ሳምቡሳ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ።

«ለእማማ ስጥልኝ። የጾም ነው በላቸው።»