ጃሲድን ከቀለሟ ሳይሆን ከእግሯ ጀምሮ መለየት

(ምስል፦ የደንቢያ ሜዳ፣ የበቆሎ ማሳ ዳር፣ መስከረም)

ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱ ወጥቶ በደንቢያ ማሳዎች ወይም በመገጭ ወንዝ ዳር ባለው ሣር ውስጥ ስትራመዱ፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆኑ ጥቃቅን ነፍሳት ከእግራችሁ ሥር እየተስፈነጠሩ ይበተናሉ። ብዙ ሰው የፌንጣ ልጆች ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል። ፌንጣ ግን ቅጠል ታኝካለች፤ እነዚህ ደግሞ መርፌ በመሰለ አፋቸው የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። የግብርና ባለሙያዎች ጃሲድ ይሏቸዋል። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ብቻ ከ20,000 በላይ ናቸው።

አንዷን ያዛችሁ እንበል። ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ቀለሟ ነው። እባካችሁ እሱን ለጊዜው ተዉት። አረንጓዴዋ አልኮል ውስጥ ስትቆይ ትገረጣለች፤ ቆዳዋን ገና የቀየረችውም ትነጣለች። ከእግሯ ጀምሩ።

(ምስል፦ የኋላ እግር በማጉያ መነጽር ሲታይ)

የኋላ እግሯን ቅልጥም ተመልከቱ። ከላይ እስከ ታች በረድፍ የተደረደሩ ቀጫጭን እሾሆች ካሉት ጃሲድ ናት። በቅልጥሙ ላይ አንድ ወይም ሁለት ወፍራም እሾህ ብቻ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የእሾህ ክምችት ካለ፣ ያቺ ጨቅላዋ ሣር ላይ በነጭ አረፋ ውስጥ የምትደበቀው ሌላ ዘመዷ ናት። ጫፉ ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ትልቅ ሹል ነገር ካለና አንቴናዋ ከዓይኗ በታች ከበቀለ፣ ያቺም ሌላ ወገን ናት። ይህን ሁሉ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር ያሳያችኋል።

አሁን ወደ ራሷ። ከሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች ሌላ ሁለት ነጠብጣብ የሚያህሉ ትንንሽ ዓይኖች አሏት። የት እንዳሉ ማየት ብዙ ያስተምራል። አናቷ ላይ ከሆኑና ፊቷ ያበጠ ከሆነ አንድ ንኡስ ቤተሰብ፣ ማለትም በጃሲዶች ውስጥ አንድ ክፍል ነው። አናትና ፊት በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ ከትልልቆቹ ዓይኖች አጠገብ ከሆኑ ሌላ ነው። ከዚያ ክንፏን ዘርጉ። የፊት ክንፏ ጅማቶች እስከ ጫፉ አካባቢ ድረስ ሳይገናኙ ቀጥ ብለው ከሄዱ፣ ኢምፖአስካ የተባሉት ጃሲዶች ካሉበት ቡድን ናት። በመተማ በኩል ጥጥ የምታጠቃው ጃኮቢያስካም ከዚሁ ወገን ናት፤ ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ይጠቀለላል፣ ኋላም ይቀላል።

(ምስል፦ ቢጫ ጃሲድ፣ አናቷ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች)

በቆሎ ላለው ሰው ግን በጣም ልትታወቅ የሚገባት ይህቺ ናት፤ ሲካዱሊና ትባላለች። ርዝመቷ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ቢጫ ናት፤ አናቷ ላይ በዓይኖቿ መካከል ሁለት ክብ ጥቁር ነጥቦች አሏት። የበቆሎን ቅጠል በነጣ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች የሚያዥጎረጉረውን የበቆሎ ስትሪክ ቫይረስ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ነጥቦቹ እዚህ ወገን ውስጥ መሆኗን ይጠቁሟችኋል እንጂ የትኛዋ ሲካዱሊና እንደሆነች አይነግሯችሁም። ሌሎች ጃሲዶችም ነጥብ አላቸው፤ ስለዚህ ከእግርና ከክንፍ ጋር አገናኝታችሁ ፍረዱ።

ከዚህ በኋላ የውጭ መልክ ብዙ አይረዳም። ኢምፖአስካዎችን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መለየት ያቅታል። መልሱ ያለው በወንዱ ሆድ ጫፍ ውስጥ፣ በብልቱ ቅርጽ ነው። ሆዱ ተቆርጦ ሥጋው እስኪለቅ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይነከራል፤ ይታጠባል፤ ግሊሰሪን ውስጥ ገብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ኬሚካሉ ቆዳ ያቃጥላል፤ ይህን ሥራ ለላቦራቶሪ ተዉት። ከስልክ ፎቶ ብቻ የዝርያ ስም የሚነግራችሁ ሰው ካለ፣ ከወንድ ናሙና ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁት።

ከሁሉ የሚያስገርመኝን ልንገራችሁ። ሃሮልድ ስቶሪ የተባለ ተመራማሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ባወጣው ጥናት፣ በአንዲት የሲካዱሊና ዝርያ ውስጥ እንኳ ቫይረሱን የማስተላለፍ ችሎታ ከወላጅ የሚወረስ መሆኑን አሳየ። ሁለት እኅትማማቾች፣ ነጥባቸው አንድ፣ ክንፋቸው አንድ፤ አንደኛዋ በሽታ ታስተላልፋለች፣ ሌላዋ አታስተላልፍም። ይህን የትኛውም መነጽር አያሳይም።

(ምስል፦ መረብ፣ ብልቃጥ፣ ትንሽ ወረቀት)

ስለዚህ ናሙና ለባለሙያ ስትልኩ፣ በመረብ ሣሩንና ሰብሉን ጥረጉ፤ ማለዳ ሲቀዘቅዛቸው ብዙ አይዘሉም። ክንፍ ያወጡትን ምረጡ፤ ጨቅላዎች ከዝርያ ደረጃ አያደርሱም። ከአንድ ቦታ ብዙ ያዙ፣ ወንድ እንዳይጠፋባችሁ። ከማስገባታችሁ በፊት በሕይወት እያለች ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ክተቱ። ቀኑን፣ ቀበሌውንና ከየትኛው ተክል ላይ እንደያዛችኋት በወረቀት ጽፋችሁ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ጨምሩ። የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል።